ሀዋሳ ላይ የቴሌቪዥን ጋዜጠኝነት አጭር ኮርስ ለመግባት ለምታስቡ

ብዙ ሰው በኢንቦክስ ስለጠየቀኝ እዚሁ ልጻፈው። ፒያሳ አካባቢ ካለችው ትንሽ ማሰልጠኛ ነው የተማርኩት፣ ቅሬታም ስላለኝ ስሟን አልጠራም፣ የከተማው ልጆች ታውቋታላችሁ። ካሜራ ፊት አሪፍ ሆኖ መቆም ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት ብራችሁን አታውጡ ዩቲዩብ ይበቃችኋል። ዜና እንዴት እንደሚሰራና ማን እንደሚያበላሸው ማወቅ ከፈለጋችሁ ግን ግቡ።

ዕቃው ደካማ ነው። ካሜራዎቹ ያረጁ ናቸው፣ ኤዲቲንግ ላይ አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ሰው ነው፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር የለም ትጠብቃላችሁ። በቃ።

ዋናው ነገር አስተማሪው ነው። ዜና ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት የሰራ ሰው ነው፣ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንለው። ማንም አፍ አውጥቶ የማያወራውን የአበል ነገር ሰሌዳ ላይ ዘርዝሮ አስረዳን። የጥሪ ደብዳቤ ይመጣል፣ መኪናው የጠሪው ነው፣ ምሳው የጠሪው ነው፣ አበሉም የጠሪው ነው፣ ከዛ ሪፖርተሩ የመክፈቻ ንግግሩን ይቀዳና ለማታው 2 ሰዓት ዜና ለማድረስ እየሮጠ ይመለሳል፣ እና ተመልካቹ ስብሰባ መካሄዱን እንጂ ስብሰባው የተጠራበት ችግር ምን ላይ እንደደረሰ አያውቅም። ጋሼ ግን ሪፖርተሩን ብቻ አልወቀሰም፣ ደሞዙና የቤት ኪራዩ እንደማይገናኙ፣ አለቃው ደውሎ "ያቺን ነገር አውጣት" ሲለው እምቢ ለማለት ከኋላው የሚቆምለት ሰው እንደሌለ ነገረን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ በመንግሥት ገንዘብ የሚሰራ ሚዲያ የተለያየ ሀሳብ እንዲያስተናግድ ይላል፣ ያንን አንቀጽ አስነብቦን ከዛ በየሳምንቱ ዜና ስናይ ማን ተናገረ ማን ሳይጠየቅ ቀረ እያልን እንድንጽፍ አደረገን። እኔ ከዛ ወዲህ ዜና የማየው እንደዛ ነው።

የተግባሩ ልምምድም ጥሩ ነው። አሞራ ገደል ስለ ዓሳ ዋጋ እንድንሰራ ተላክን። አንዱ ግሩፕ የማህበሩን ኃላፊ ብቻ አነጋግሮ መጣ፣ ጋሼ ዓሳ የሚጠብሱትን ሴቶችና ጀልባ ላይ የሚያድሩትን ልጆች ጠይቁ ብሎ መለሳቸው። ሲመለሱ ወሬው ሌላ ነበር፣ ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ትንንሹን ቆሮሶ ሳያድግ እየጨረሰው ነው የሚል። ኃላፊው ይሄን አንድም ቃል አላነሳም።

ከሁሉም የማልረሳው የ1967ቱን ነው። የወሎን ረሃብ እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ቀርጾ በ1966 ለዓለም አሳየ፣ ደርግ ደግሞ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያቀያየረ ቆራርጦ በኛ ቴሌቪዥን አስተላለፈው፣ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የተራቡት ሰዎች እውነት ናቸው ግብዣውም እውነት ነው፣ ግን መቀሱን የያዘው ሰው የራሱ ዓላማ ነበረው። ከአስር ዓመት በኋላ ይሄው ደርግ አስረኛ የአብዮት በዓሉን ሲያከብር የረሃቡን ወሬ አፍኖ ነበር፣ በጥቅምት 1977 ኮረምን ለዓለም ያሳዩት የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሀመድ አሚን ናቸው። የራሳችን ረሃብ ሁለቴ በሰው ካሜራ መታየቱ ያንገበግበኛል፣ ክፍሉ ውስጥም ዝም ያላለ ሰው አልነበረም።

ቅሬታዬ። አንደኛ በቴሌግራም የሚዞር ቪዲዮ የቆየ ይሁን የዛሬ፣ እዚህ ይሁን ሌላ አገር እንዴት እንደሚጣራ ምንም አልተማርንም፣ ዛሬ ዜና ክፍል የሚገባ ልጅ መጀመሪያ የሚገጥመው ይሄ ነው። ሁለተኛው ይብሳል። የመጨረሻው ፕሮጀክት ላይ ባለቤቱ ስለ ማሰልጠኛው ምርቃት "ዜና" አሰርቶ፣ ራሱ ኢንተርቪው ተደርጎ፣ ዜና ብሎ ፔጃቸው ላይ ለቀቀው። ጋሼ ያስተማረንን ሁሉ እዛው ግቢ ውስጥ ማፍረስ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ 759/2004 ራሱ ማስታወቂያ ከሌላው ተለይቶ እንዲታወቅ ይላል፣ ማስታወቂያ የሚል አንድ ቃል ቢጨምርበት ይበቃ ነበር። ነግሬዋለሁ፣ ቪዲዮው ዛሬም እንዳለ ነው።

ከ5 ሶስት ተኩል እሰጣታለሁ፣ እሱም በጋሼ ምክንያት። ከተመዘገባችሁ የማታውን ፈረቃ ያዙ፣ እሱ የሚያስተምረው ማታ ብቻ ነው።