የግድግዳ ምድጃችንን ላደሱልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በሳሎናችን ግድግዳ ውስጥ የተሠራው ክፍት የእሳት ምድጃ ለዓይን ቢያምርም ቤቱን አያሞቅም ነበር። እሳቱ እየተንቦገቦገ ከፊቱ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ሲግል ጀርባውን ይበርደዋል፤ ምክንያቱም ክፍት እሳት የክፍሉን ሞቃት አየር እየሳበ በጭስ ማውጫው ሲያስወጣ፣ በምትኩ ቀዝቃዛ አየር በበርና በመስኮት ስንጥቅ ይገባል። እንዲህ ያለ ምድጃ ከሚነደው እንጨት ሙቀት ለክፍሉ የሚያተርፈው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በመቶ አይበልጥም፤ በዚያው ክፍተት ውስጥ የሚገባ ባለ መስታወት በር የብረት ምድጃ ግን 70 በመቶና ከዚያም በላይ ይሰጣል። ይህን የምጽፈው የብረት ምድጃውን ያስገቡልንን ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገንና ተመሳሳይ ሥራ ለማሠራት ለሚያስብ ሰው እሳቸውን ለመጠቆም ነው።

አስቀድመን ያነጋገርነው ሌላ ሠራተኛ ምድጃውን ወደ ክፍተቱ ገፍቶ፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ ደፍኖ በግማሽ ቀን እንደሚጨርስና ጭሱም በነባሩ ማውጫ እንደሚወጣ ነግሮን ነበር። እኚህ ባለሙያ ግን የመጀመሪያ ቀናቸውን በመለካትና በመመርመር ብቻ አሳለፉ። የክፍተቱን ስፋትና ከፍታ ከፊትም ከኋላም ለኩ፤ ብዙ ምድጃዎች ወደ ውስጥ እየጠበቡ ስለሚሄዱ የፊቱ ልክ ብቻ አይበቃምና። የዓመታት ጥቀርሻ ተጠርጎ ሳይወጣ ሥራ እንደማይጀምሩም ቁርጡን ነገሩን። እኛ የመረጥነው ምድጃ ለክፍሉ እንደሚበዛ ሲያዩ፣ ሙቀቱ የከበደው ሰው የአየር ማስገቢያውን ስለሚዘጋ እሳቱ ታፍኖ እንደሚጨስና ጥቀርሻ እንደሚያበዛ አስረድተው አነስተኛውን እንድንገዛ መከሩን። ለእሳቸው ትልቁን መትከል የተሻለ ገቢ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የማመሰግናቸው ማንም በማያየው ቦታ ስለሠሩት ሥራ ነው። ነባሩ የጭስ ማውጫ የተሠራው ለክፍት እሳት በመሆኑ እጅግ ሰፊ ነው፤ ከብረት ምድጃ የሚወጣው ጭስ ደግሞ መጠኑም ሙቀቱም ያነሰ ስለሆነ፣ በዚያ ሰፊና ቀዝቃዛ ግንብ ውስጥ ሲወጣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ግድግዳው ላይም እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ጥቁር ዝቃጭ ይተዋል። ይህ ዝቃጭ አንድ ቀን እሳት ከያዘ በማውጫው ውስጥ ያለው ሙቀት ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ፣ ግንቡን ሊሰነጥቅና የጣሪያውን እንጨት ሊያቀጣጥል ይችላል። ስለዚህ ከምድጃው አናት እስከ ማውጫው ጫፍ ድረስ መሃሉ ላይ መገጣጠሚያ የሌለው፣ 150 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ከማይዝግ ብረት የተሠራ ቱቦ ዘረጉ፤ ጭሱ ሳይቀዘቅዝ እንዲወጣም ሙቀት በሚይዝ መጠቅለያ ሸፈኑት። ከምድጃው በላይ የቀረውን ክፍተት በብረት ላሜራ ዘጉ፣ ጫፉ ላይም ዝናብ የማያስገባ ቆብ አደረጉለት። ሥራው ሁለት ሙሉ ቀናት ወሰደ፤ አንዱም ሰዓት የባከነ አልነበረም።

ከጨረሱ በኋላም ጥለውን አልሄዱም። የጭስ ፍተሻ አድርገው በየመገጣጠሚያው የሚያፈተልክ ጭስ አለመኖሩን አረጋገጡ፤ በምድጃው በር ላይ ወረቀት ዘግተውበት በመሳብ በዙሪያው ያለው ማሸጊያ ገመድ በደንብ መያዙን አሳዩን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ በመሆኑ፣ ማስጠንቀቂያ መሣሪያው ተገጥሞ ሲጮህ በጆሯቸው ሳይሰሙ እሳት እንድንለኩስ አልፈቀዱም። የመጀመሪያዎቹ እሳቶች ትንንሽ እንዲሆኑና የምድጃው ቀለም እስኪደርቅ መስኮት እንድንከፍት አሳሰቡን። ስለ ማገዶውም አጥብቀው መከሩን፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች መሆን እንዳለበት፣ ይህም የሚለካው ፍልጡን እንደገና ሰንጥቆ በአዲሱ የውስጥ ገጽ ላይ እንጂ በደረቀው ዳር እንዳልሆነ የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

አሁን ቀድሞ በአንድ ምሽት ያልቅ የነበረው እንጨት ለሁለት ምሽት ይተርፈናል፤ ልጆቹም የቤት ሥራቸውን ከምድጃው ርቀው፣ በክፍሉ ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይሠራሉ። አድራሻቸውን ለሚፈልግ ሰው እሳቸውን አስፈቅጄ በግል እሰጣለሁ፤ ሥራቸውን በዓይኑ አይቶ መወሰን ለሚሻም ቤታችን ክፍት ነው።