አይሪል ፕሮ፦ ጎበዝ አጃቢ፣ ደካማ አስተማሪ

አይሪል ፕሮ ቤዝ፣ ከበሮና ፒያኖ ሆኖ የሚያጅብ የስልክ መተግበሪያ ነው። ፍጥነቱን መቀነስ፣ ኪውን (ዘፈኑ የሚመሠረትበትን የድምፅ ከፍታ) መቀየር፣ የከበዱ አራት ባሮችን (የምት ክፍሎችን) ብቻ እየደጋገሙ መለማመድ ይቻላል። የዘፈኑ ገጽ ላይ የሚታየው ግን የኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) ስም ብቻ ነው። ዜማው የለም፤ እሱን ከቀረጻ ሰምቶ መያዝ ግድ ነው።

መተግበሪያው ለብቻ የሚያሳያቸውን የኮርድ አያያዝ ሥዕሎች ብዙ አትመኗቸው። እያንዳንዱን ኮርድ ለብቻው ስለሚያሳዩ እጅ ያለ ምክንያት ወዲያ ወዲህ ይዘላል። ዲ ማይነር 7፣ ጂ 7፣ ሲ ሜጀር 7 ሲከታተሉ ፒያኖ ላይ ግራ እጅ መሠረት ኖታውን (ኮርዱ የተሰየመበትን) ይያዝ፤ ቀኝ እጅ ኤፍና ሲ፣ ከዚያ ኤፍና ቢ፣ ከዚያ ኢና ቢ ይጫወት። በየለውጡ የምትነቃነቀው አንዲት ጣት ብቻ ናት! ጊታር ላይ ጂ 7 በ6ኛው ክር 3ኛ ፍሬት፣ በ4ኛው 3ኛ፣ በ3ኛው 4ኛ ይያዛል። መሀል ያለው 5ኛው ክር በጣት ካልታፈነ ድምፁ ይደፈርሳል።

በደቂቃ ከ60 ቢት (ምት) ጀምሩ። የየመሣሪያው ድምፅ የሚስተካከልበት ሚክሰር ላይ የመተግበሪያውን ፒያኖ ዝጉት፤ ክፍት ከሆነ ስህተታችሁን ይሸፍናል። ከበሮው ደረቅ ነው፣ በተለይ ባላድ (ዝግ ያለ ዘፈን) ላይ፤ ለልምምድ ግን ይበቃል።