የላንድክሩዘር 60 የናክል መጠገኛ ኪት፦ ሁለቴ ገዝቼ፣ ሁለቴ ፈትቼ ያየሁት

ዛሬ ጠዋት ከግራው የፊት ጎማ ጀርባ ተንበርክኬ የአክስሉን ጫፍ የብረት ኳስ በነጭ ጨርቅ ጠረግሁት። ጨርቁ ላይ የወጣው ስስ የግራሶ ቅባት ብቻ ነው፤ መውጣት ያለበትም እሱ ነው። ሁለተኛውን ኪት፣ ማለትም ናክሉ ሲታደስ የሚቀየሩትን ዕቃዎች ስብስብ፣ ከገጠምኩ አሥራ አራት ወር ሞላኝ። የመጀመሪያው በአራተኛው ወር ማፍሰስ ጀምሮ ነበር። አሁን ስለ ሁለቱም አፌን ሞልቼ መናገር ስለምችል ይህን ልጻፍ አልኩ።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1984 ሞዴል ኤችጄ60 ናት። ባለ 3,980 ሲሲ የናፍታ ሞተሯ 2ኤች የሚባለው ነው፤ በአራቱም ማዕዘን የተቀመጠችው በባሌስትራ ላይ ነው። 60 የተመረተው እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ነው። የፊት አክስሉ አሠራር ግን ከበፊቱ 40 እና ከኋለኛው 80 ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ የእነዚያ ባለቤቶችም የምለው ነገር ይጠቅማቸዋል። ዕቃ ስትገዙ ግን በሞዴላችሁ እዘዙ፣ ይመሳሰላል ብላችሁ አትውሰዱ።

ናክል የምንለው ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚታጠፍበትን መገጣጠሚያ ነው። የአክስሉ ጫፍ ትልቅ የብረት ኳስ ነው። ናክሉ ይህን ኳስ አቅፎ፣ ከላይና ከታች በተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ኮን ኩሽኔታዎች ላይ ይዞራል። ውስጡ ቢርፊልድ የሚባለው ባለ ስድስት ብይ መገጣጠሚያ በግራሶ ተሞልቶ ይሠራል። ከዲፈረንሻሉ የሚመጣው ዘይት ወደዚህ ግራሶ እንዳይገባ የሚከለክለው አንዲት ቀለበት መሰል የውስጥ ኦይል ሲል ናት። እሷ ስትደክም ዘይቱ ይገባል፣ ግራሶውን ያቀጥነዋል፣ የቀጠነው ደግሞ ከኳሱ ጀርባ ባሉት መጥረጊያ ቀለበቶች ሾልኮ ይወጣል። ጎማችሁ ከውስጥ በኩል ጥቁር ቅባት ከተቀባ ነገሩ ይኸው ነው። ፍሬኑ ላይ ሲደርስ ደግሞ መኪናዋ ስትቆም ወደ አንድ ጎን መሳብ ትጀምራለች፤ የኔዋ እዚያ ደርሳ ነበር።

የመጀመሪያውን ኪት የገዛሁት ስም ባልተጻፈበት ሳጥን ነው። ሲከፈት ብዙ ነገር ያለ ይመስላል፦ ጋስኬቶች፣ የሃብ (ጎማው የሚታሰርበት የሚሽከረከር ክፍል) ኦይል ሲሎች፣ መጥረጊያ ቀለበቶች፣ ባለ ጥርስ ዋሸሮች። ኩሽኔታ ግን አልነበረውም። ያኔ ለዚህ ግድ አልሰጠሁትም፤ አሮጌዎቹን በናፍታ አጥቤ፣ ሲሽከረከሩ ድምፅ ስለሌላቸው መልሼ ገጠምኳቸው።

ከዚህ ኪት ውስጥ ያስቀየመኝ የውስጥ ኦይል ሲሉ ነው። ጥሩ ኦይል ሲል ከንፈሩን በአውራ ጣት ጥፍር ገፋ ስታደርጉት ይታጠፍና ወዲያው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ከከንፈሩ ጀርባ ያለችው ቀጭን የጥቅል ሽቦ ዙሪያውን እኩል ትይዘዋለች። ይህኛው ገና ከፕላስቲኩ ሲወጣ ድርቅ ያለ ነበር። ከአራት ወር በኋላ አውጥቼ በጥፍሬ ስጫነው ታጥፎ ቀረ። ከመጥረጊያ ቀለበቶቹ ውስጥ ደግሞ የሱፉ ከካርቶን ብዙም የማይወፍር፣ ሁለቱ ጫፎቹም ስትገጥሟቸው የማይገናኙ ነበሩ። ጭቃና ውሃ የሚገባው በዚያች ክፍተት ነው።

ቢሆንም ጥፋቱን ሁሉ በኪቱ ላይ ብጭን እውነት አይሆንም። ለሁለተኛ ጊዜ ስፈታ፣ ከራሴ የመጡ ሦስት ነገሮች አገኘሁ። አንደኛ፣ ያ «ድምፅ የለውም» ብዬ የመለስኩት የታችኛው ኩሽኔታ፣ የተቀመጠበት ቀለበት ላይ በሮለሮቹ ልክ ጎድጎድ ጎድጎድ ብሏል። መኪና ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ኩሽኔታው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ዓመታት ሲደበደብ እንዲህ ይሆናል። ናክሉን በእጄ ሳዞረው መሃል ላይ ሲደርስ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ቀጥ ይላል። እንዲህ ያለ ኩሽኔታ ናክሉን ከመሃል ያስታል፤ አክስሉም ኦይል ሲሉን በአንድ ጎን ብቻ ይበላዋል። ሁለተኛ፣ አክስሉ ላይ ኦይል ሲሉ የሚያርፍበት ቦታ በጥፍር የሚታወቅ ቦይ ነበረው። ሦስተኛው በጣም ያናደደኝ ነው፦ የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ በደረቀ ጭቃ ተደፍኖ ነበር። አክስሉ ሲግል በውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል፤ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በኦይል ሲሉ በኩል ይገፋዋል። ይህን ሳታዩ የትኛውንም ኪት ብትገጥሙ ገንዘባችሁን ነው የምታፈስሱት።

ሁለተኛው ኪት አንድ ሻጭ ከየቦታው ያሰባሰበው ነው፦ ኦይል ሲሎቹና ጋስኬቶቹ የቶዮታ፣ አራቱ ትናንሽ ኩሽኔታዎች የጃፓኑ ኩሽኔታ አምራች የኮዮ። ሳጥኑ ከመጀመሪያው ያንሳል፣ ክብደቱ ግን እጥፍ ነው። እጄ ላይ ስይዘው ልዩነቱ ገባኝ። የሱፍ ቀለበቱ ወፍራምና እኩል፣ የላስቲኩ ቀለበት ለስላሳ፣ ከውጭ የሚይዛቸው የብረት ቀለበት ቀዳዳዎችም ሳይገፉ ከብሎኖቹ ጋር የሚገጥሙ ነበሩ። የመጀመሪያውን ስገጥም እነዚያን ቀዳዳዎች በሞረድ ማስፋት ነበረብኝ።

ኪቱ የማይሰጣችሁ፣ ግን ሥራውን ያለ እሱ መጀመር የሌለባችሁ ዕቃ ባለ 54 ሚሊ ሜትር ቡሶላ ነው። የሃቡ ትልልቅ ዳዶዎች የሚፈቱት በዚህ ነው። ከኔ በፊት የነበረ ሰው በመዶሻና በካቻቢቴ እየመታ ፈትቷቸው ኖሮ ጠርዛቸው ሁሉ ተቆርሶ አገኘሁት። ኩሽኔታውን የሚያስተካክል ዳዶ በዚያ ሁኔታ በልክ ሊጠብቅ አይችልም። ሌላው የነሐስ ቁራጭ ነው። የመሪው ክንድ የሚታሰርባቸው ዳዶዎች ሥር የተሰነጠቁ ኮን ዋሸሮች አሉ፤ ዳዶውን ፈትታችሁ ብትስቡ ክንዱ አይንቀሳቀስም። ነሐሱን በብሎኑ ጫፍ ላይ ይዞ በመዶሻ መምታት ነው። መጀመሪያ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ደጋግማችሁ ስትመቱ ድምፁ ይደፈናል፣ ያኔ ኮኑ ከቦታው ብድግ ይላል። በብረት ብትመቱት የብሎኑን ጥርስ ታበላሻላችሁ።

ቢርፊልዱን ከአክስሉ ለማላቀቅም እንዲሁ ጉልበት ሳይሆን ዘዴ ያስፈልጋል። አክስሉ የሚገባበት ወፍራም የብረት ቱቦ ፈልጌ፣ ቢርፊልዱን ወደ ታች አዙሬ፣ ቱቦውን በአክስሉ ላይ ሽቅብ አንስቼ ለቀቅኩት። በሦስተኛው ምት ቢርፊልዱ ተላቆ ከሥር ያነጠፍኩት ጣውላ ላይ ወደቀ። ስድስቱን ብዮች አውጥቼ ሳጥባቸው የሚዞሩባቸው ቦዮች በአንድ ጎን ብቻ ተበልተው አየሁ፤ መሪ እስከ መጨረሻ ሲታጠፍ የምሰማው ቀጭ ቀጭ ከዚያ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አዲስ ለመግዛት ይሮጣል። የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ብትቀያይሩት ጭነቱ ባልተበላው ጎን ላይ ያርፋል። እኔም ቀያየርኩት፤ ድምፁ ጠፋ።

ሥራው በሙሉ የሚፈረድበት ግን የኩሽኔታው ጥብቀት ላይ ነው። ከመሪው ክንድ ሥርና ከታችኛው ክዳን ጋር የሚገቡ ሺሞች፣ ማለትም ልክ ማስተካከያ ስስ የብረት ቅጠሎች፣ አሉ። የላዩና የታቹ እንዳይደባለቁ፣ ስፈታ እያንዳንዱን በየፖስታው አስቀምጬ ጻፍኩበት። ኩሽኔታው አዲስ ሲሆን ልኩ ስለሚለወጥ እንደገና መለካት የግድ ነው። ቢርፊልዱና ግራሶው ሳይገቡ፣ ባለ መንጠቆ ሚዛን በክንዱ ጫፍ ቀዳዳ ላይ አስገብቶ ቀጥ አድርጎ መሳብና ናክሉ ሲዞር ሚዛኑ የሚያሳየውን ማንበብ ነው። የሚፈለገው ቁጥር ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ከመኪናችሁ የጥገና መጽሐፍ ውሰዱት። እኔ እየሳብኩ ማንበብ ስላቃተኝ ልጄን ጠራኋት። ባትሪ ይዛ አጎንብሳ፣ «አባዬ ቀስ በል፣ መርፌው እየዘለለ ነው» አለችኝ። ቀስ ስል መርፌው ረጋ። አንድ ስስ ሺም አወጣን፣ እንደገና ሳብን፤ በአራተኛው ሙከራ ልኩ ላይ ገባ። የመጀመሪያውን ኪት ስገጥም ይህን ጨርሶ አልለካሁትም ነበር።

አክስሉ ላይ ያለውን ቦይ በተመለከተ፣ ኦይል ሲሉን ከቀድሞው ቦታ በጥቂቱ ወደ ውጭ አድርጌ ስለመታሁት ከንፈሩ ባልተበላ ብረት ላይ አረፈ። አክስሉን ስትመልሱ ደግሞ ክብደቱን በእጃችሁ ይዛችሁ አስገቡት። የአክስሉ ጥርስ በአዲሱ የኦይል ሲል ከንፈር ላይ ከተጎተተ የጫራት ጭረት አትታይም፣ ማፍሰሷ ግን አይቀርም።

የሁለተኛው ኪት ጉድለትም ይነገር። መመሪያ የሚባል አንድ ወረቀት የለውም። ሻጩ ጋስኬቶቹን አጥፎ ስለጠቀለላቸው አንዱ መታጠፊያው ላይ ሊሰነጠቅ ደርሶ ነበር፤ ከመጽሐፍ ሥር አሳድሬ ነው ያቃናሁት። ሺም ጭራሽ የለውም፣ ለብቻ መግዛት ነበረብኝ፤ ኩሽኔታ የሚሸጥ ሰው ሺም ሳይጨምር መሸጥ የለበትም ባይ ነኝ። ኮን ዋሸርም የለውም። ግራሶ ከየትኛውም ጋር አይመጣም፤ ሞሊብዲነም ያለበትን ግራሶ ለሁለቱ ጎን ሁለት ኪሎ ያህል ጨርሻለሁ።

ቢሆንም የምመክረው ይህኛውን ዓይነት ነው፤ ኩሽኔታ የሌለበትን ኪት ግን በነጻ ቢሰጧችሁም ትርፍ ጋስኬት ለማድረግ ካልሆነ አትውሰዱት። በጀታችሁ ሙሉ ኪት የማይችል ከሆነ የውስጥ ኦይል ሲሎቹንና አራቱን ኩሽኔታዎች ብቻ ጥሩ ግዙ፤ የቀረውን ጋስኬት ከጋስኬት ወረቀት በመቀስ መቁረጥ ይቻላል። የመጀመሪያው ሥራ ሦስት ቅዳሜና እሑድ ወስዶብኛል፣ ሁለተኛው አንድ ተኩል።

ከሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ጎማውን አውልቃችሁ የመሪውን ክንድ ዳዶዎች በቶርክ ቁልፍ እንደገና ሞክሯቸው። የኔ ሁለቱ ሩብ ዙር ያህል ተቀብለዋል።