ማኅተም የተመታበት የድሮ ብር ስትገዙ የቱ ይሻላል? የሒጃዙ ጠገራ፣ የእንግሊዙ ዶላር ወይስ የቻይና ነጋዴ የመታው?

ጠገራ ብር በብዙ ቤት አለ። ከአያት ሣጥን ይወጣል፣ በክር ታስሮ ከአንገት ይወርዳል። አንዳንዱ ላይ ግን የኦስትሪያዋ እቴጌ የማሪያ ቴሬዛ ትከሻ አካባቢ ትንሽ የዓረብኛ ጽሑፍ ተመትቶ ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለ፣ ከተሠራ በኋላ የሌላ አገር ወይም የሌላ ሰው ማኅተም ያረፈበት ብር እኔን እንደሚማርከኝ የሚማርከኝ ነገር የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው ግን አደጋ አለው። ብሩ ኦሪጅናል ሆኖ ማኅተሙ ፎርጅድ ሊሆን ይችላል። ጭማሪ ዋጋ የምትከፍሉት ደግሞ ለማኅተሙ ነው።

ስለዚህ ሦስቱን የማወዳድረው በውበታቸው አይደለም። የቱን ማኅተም በራሳችሁ ዓይን ማጣራት ትችላላችሁ? ጥያቄዬ ይኸው ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሒጃዙ ልጀምር፤ ለእኛ ቅርብ እሱ ነው። የመካው ገዥ ሸሪፍ ሁሴን በ1916 በኦቶማን ቱርክ ላይ ተነሥተው መካና መዲና ያሉበት የሒጃዝ ምድር ንጉሥ ሆኑ። በቀይ ባሕር ወዲያም ሆነ ወዲህ የሚታመነው ገንዘብ ያው የእኛው ጠገራ ስለነበረ «አል-ሒጃዝ» የሚል ማኅተም ተመታበት። መንግሥቱ በ1925 በኋላ ሳዑዲ ዓረቢያን በመሠረቱት በኢብን ሳዑድ እጅ ወደቀ። የማኅተሙ ዕድሜ አጭር ነው፣ ታሪኩ ትልቅ ነው፣ ሰብሳቢውም ብዙ ነው። ጠገራው ደግሞ እንደ ልብ ይገኛል። አንድ የብረት ማኅተም ያስቀረጸ ሰው ማታውኑ ሃያ «ሒጃዝ» መምታት ይችላል።

ትልቁ ወጥመድ ዓመቱ ነው። ጠገራ ሁሉ 1780 ይላል። ሮም በ1935፣ ለንደን በ1936፣ ቦምቤይ በ1940 ማተም ሲጀምሩ የጻፉት ያንኑ 1780 ነው። ቪየና ዛሬም ታትማለች። በለንደን ወይም በቦምቤይ ብር ላይ የሒጃዝ ማኅተም ካያችሁ ፎርጅድ ነው፤ ብሩ ሲሠራ የሒጃዝ መንግሥት ከጠፋ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የየከተማው እትም ግን የሚለየው በጥቃቅን ነገር ነው፦ በትከሻዋ ጌጥ ዙሪያ ባሉት ዕንቁዎች፣ በንስሩ ጅራት ላባ፣ በፊደሎቹ መጠን። ይህን ለመለየት ዓይን ጊዜ ይፈልጋል።

አንዴ አንድ ሻጭ የሒጃዝ ነው ብሎ አሳየኝ። በአጉሊ መነጽር አየሁት። የእቴጌይቱ ፀጉር ተበልቶ ለስልሷል፣ የጌጡ ዕንቁዎች ተድጠው አንድ ላይ ተያይዘዋል። ማኅተሙ ውስጥ ያሉት ፊደሎች ጠርዝ ግን እንደ አዲስ ቢላ ስል ነው። ገልበጥ ሳደርገው፣ በማኅተሙ ትክክል ከኋላ ንስሩ ላይ የተደፈጠጠች ነጭ ቦታ ታበራለች። ማኅተም ሲመታ ከኋላ መደፍጠጥ ያለ ነው፤ ግን መቶ ዓመት የሆነው ድፍጥጥ እንደ ሌላው ገላው ይጠቁራል። መለስኩለት።

የእንግሊዙ ጉዳይ ሌላ ነው። በ1797 ከፈረንሳይ ጋር በነበረው ጦርነት የእንግሊዝ ባንክ ብር አጠረው። መጋዘኑ ያለውን የስፔን ዶላር አውጥቶ የስፔኑ ንጉሥ አንገት ላይ የጆርጅ ሣልሳዊን ትንሽ ሞላላ ምስል መታበት። ማኅተሙም አዲስ አልነበረም፤ አንጥረኞች ግብር ለከፈሉበት የብር ዕቃ የሚመታው ነው። ዋጋው 4 ሺሊንግ ከ9 ፔኒ ሆነ። ክራውን (ዘውድ ማለት ነው) የሚባለው ገንዘብ 5 ሺሊንግ ነበርና ሕዝቡ «ሁለት የንጉሥ ራስ ለአንድ ዘውድ አልበቃም» ብሎ ቀለደ። አስመሳዮች ያኔውኑ ስለተረባረቡበት በ1804 ማኅተሙ ባለ ስምንት ማዕዘን ሆነ፤ እሱም አልዳነም።

ከሦስቱ ውዱ ይኸኛው ነው። ጥሩ ጎኑ፣ ማኅተሙ በደንብ የተጠና ስለሆነ ከታወቁት ጋር ማመሳከር ይቻላል። የስፔኑ ብር ላይ ያለውንም ዓመት አንብቡ። ሞላላው ማኅተም ከ1804 በኋላ በተሠራ ብር ላይ ካለ አትንኩት። እንደ ፒሲጂኤስ ወይም ኤንጂሲ ያለ መርማሪ ድርጅት በፕላስቲክ ያሸገው ካልሆነ እኔ አልገዛም፣ ግዙም አልልም።

የቻይናው ለጀማሪ የምመክረው ነው። በደቡብ ቻይና ነጋዴዎችና ብር መርማሪዎች የውጭ ብር እጃቸው ሲገባ ይመረምሩትና ንጹሕ ከሆነ ትንሽ የቻይንኛ ፊደል ይመቱበታል። አንዳንዱ ብር ብዙ እጅ ዞሮ ፊቱ እስኪጠፋ ተመትቷል። የሜክሲኮ ባለ 8 ሪያልና አሜሪካ ከ1873 ጀምሮ ለእስያ ንግድ ያሳተመችው ዶላር ዋነኞቹ ናቸው። ምልክቱ ዋጋ ብዙም ስለማይጨምር፣ የአሜሪካው ላይ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ስለሚቀንስ፣ እሱን ብቻ ለማስመሰል የሚደክም ጥቂት ነው። እዚህ የሚያሰጋው ብሩ ራሱ ነው፤ ፎርጅድ የአሜሪካ ዶላር ገበያውን ሞልቶታል፣ ከነምልክቱ ተሠርቶ የሚመጣም አለ። የወርቅ ሚዛን ያዙ። የአሜሪካው 27.2 ግራም፣ የሜክሲኮው 27.07 ግራም ነው፤ አገልግሎት ትንሽ ይቀንሰዋል፣ ሁለት ሦስት ግራም ከጎደለ ግን ተዉት። ማግኔት ከያዘውም አለቀ። በጀታችሁ ጠበብ ካለ የሜክሲኮውን ውሰዱ።

አገር ቤት ላላችሁ አንድ አማራጭ ልጨምር፦ የተበሳ ወይም አንጥረኛ ማንጠልጠያ የበየደለት ጠገራ። የውጭ ሰብሳቢ «የተበላሸ» ብሎ ዋጋውን ይጥለዋል፤ እኔ ግን ከሒጃዙ አስበልጬ እወደዋለሁ፣ የለበሰችው ሴት አለችና። ባዶው ጠገራ 28.07 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ ማንጠልጠያው ትንሽ ይጨምራል። ጠርዙ ዙሪያ ጎላ ብሎ የተጻፈው የላቲን ጽሑፍ መኖሩን በጥፍራችሁ ዳስሱ። የማንጠልጠያው ውስጥ በክር ተበልቶ ከሆነ በእርግጥም ተለብሷል። ይዛችሁ ከአገር ልትወጡ ከሆነ አስቀድማችሁ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ።

የትኛውንም ግዙ፣ አትወልውሉት። ያንን ጥቁረት ካጠባችሁ፣ ማኅተሙ ከብሩ ጋር አብሮ ማርጀቱን የምታሳዩበት ነገር አይኖራችሁም።