የአባባ ተስፋዬ ተረቶች በጎንደር፦ መጽሐፉ፣ ድምፁና ካርቱኑ

ከፒያሳ ወደ ጃንተከል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ደብተርና እስክሪብቶ ከሚሸጡት ሱቆች መካከል፣ የልጆች መጻሕፍትን ከመስታወቱ ፊት ለፊት የሚደረድር አንድ አነስተኛ መደብር አለ። ሌሎች መጻሕፍት ቤቶች የልጆችን መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ከመርጃ መጻሕፍትና ከፈተና መለማመጃ ሥር ስለሚቀብሩት፣ መደብሩ በዚህ ብቻ እንኳ ምስጋና ይገባዋል። ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ከመደብሩ ይልቅ ገዢዎች በስማቸው እየጠሩ የሚጠይቋቸው የአባባ ተስፋዬ ተረቶች ናቸው። ለሰባት ዓመት ልጄ መጽሐፋቸውን ከዚያው ገዛሁ፤ ድምፃቸውን ከሌላ ሱቅ በፍላሽ አስጫንሁ፤ በእሳቸው ስም ወይም በእሳቸው ፈለግ ተሠርተው በስልክ የሚታዩትን ካርቱኖችም አብረን ተመለከትን። ተረቱ በየትኛው መልኩ ለልጅ እንደሚደርስ በጣም ይለያያል፤ ልዩነቱንም ገንዘብ የሚያወጣ ወላጅ ሁሉ ቢያውቀው መልካም ነው።

ተስፋዬ ሣህሉ በ1915 ዓ.ም. በባሌ ተወልደው፣ ሴት ተዋናይ በመድረክ በማይገኝበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርያትን ጭምር የተጫወቱ፣ ወደ ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጋርም ተጉዘው ወታደሩን ያዝናኑ የቴአትር ሰው ነበሩ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የልጆቹን ክፍለ ጊዜ ይዘው ቀረቡ፤ ከ40 ዓመታት በላይም ከልጆች ፊት አልጠፉም። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ ያዘነው ሕፃኑ ብቻ አልነበረም፤ በእሳቸው ተረት ያደገው ጎልማሳና የጎልማሳው እናትም አብረው አዝነዋል። የቴአትር ሰውነታቸውን አስቀድሜ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ተረቶቻቸው ከወረቀት ላይ ተነሥተው ወደ መድረክ የሄዱ ሳይሆኑ ከመጀመሪያውም በድምፅ፣ በፊትና በእጅ እንቅስቃሴ የተሠሩ ናቸውና፣ ወደ ሌላ መልክ ሲለወጡ የሚተርፈውና የሚጠፋው የሚለየው በዚሁ ነው።

መጽሐፉን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ስስ ነው፤ ዋጋውም ፒያሳ ላይ ለሁለት ሰው ከሚታዘዝ ማኪያቶና ኬክ ብዙም አይበልጥም። ወረቀቱ የሳሳ በመሆኑ የጀርባው ገጽ ጽሑፍ ወደ ፊት ያሳያል፤ በሽቦ ብቻ የተያያዘ ስለሆነም መካከለኛው ቅጠል ብዙ ሳይቆይ ተላቀቀ። ሥዕሎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ልጄ ጅቡን በቡናማ እርሳስ ቀብታዋለችና። እንደ ጉድለት የምቆጥረው የፊደሉን መጠን ነው። ማንበብ ለጀመረ ልጅ የሚዘጋጅ መጽሐፍ እንደ ጋዜጣ በተጠጋጋ መስመር ሊታተም አይገባውም። ሆኖም ቋንቋው ያማረ ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ሆነው ለዛቸውን አልጣሉም፤ እንስሳቱም እንደ ሰው ይሟገታሉ እንጂ እንደ መምህር አይሰብኩም። ምክሩ በተረቱ መጨረሻ በግልጽ ይቀመጣል፤ ይህ ልማድ አሁን አሁን እንደ ኋላ ቀርነት ሲታይ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ልጆች ምክሩን ሳይሆን የሚጠሉት ምክሩ ተረቱን ሲውጠው ነው እላለሁ።

ድምፁ ሌላ ዓለም ነው። የተጫነልኝ ቅጂ ከቴሌቪዥን የተቀዳ በመሆኑ ከበስተኋላው የማያቋርጥ ሹክሹክታ የመሰለ ጩኸት አለበት፤ አንዳንዱ ክፍል ከመካከል ይጀምራል፤ ሌላው ሳይጨርስ ይቆረጣል፤ ፋይሎቹም በቁጥር ብቻ ስለተሰየሙ የሚፈለገውን ተረት ለማግኘት ሁሉንም መክፈት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ እያለበት፣ ከሦስቱ መልኮች ልጄ ሳልጠይቃት ደጋግማ የምትመርጠው ይህን ነው። ምክንያቱን ለማወቅ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አዳመጥሁ። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ይላሉና ዝም ይላሉ። ዝምታው አንዲት ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ግን ልጄ «ጤና ይስጥልኝ አባባ ተስፋዬ» ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትመልሳለች። እኔም በልጅነቴ ቴሌቪዥን ካለው ጎረቤት ቤት ምንጣፍ ላይ ተሰብስበን እንዲሁ እንመልስ ነበር። እሳቸው እንደማይሰሙን ብናውቅም፣ መልሳችንን የሚጠብቁ ይመስለን ስለነበር አንዳችንም ሳንመልስ አናልፍም ነበር።

እነዚህን ተረቶች ለረጅም ጊዜ ያቆያቸው ይህ ለልጁ የሚተው ቦታ ይመስለኛል። ዘዴው ከአያቶቻችን ቤት የመጣ ነው፦ «ተረት ተረት» የሚል ሰው «የላም በረት» የሚል መላሽ ካላገኘ ተረቱን አይጀምርም፤ ሲጨርስም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ተራውን ለሌላው ይሰጣል። አባባ ተስፋዬ ይህን የምድጃ ዳር ሥርዓት ወደ ስቱዲዮ አስገቡት፤ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች እያሉም ልጁን እንደ ተመልካች ሳይሆን እንደ ቤተ ዘመድ አነጋገሩት። ከእሳቸው በኋላ የመጣችው የቀጭኔ አሻንጉሊት፣ የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» ጀግና፣ በሥዕልና በዝግጅት ጥራት ብዙ ርቃ ሄዳለች፤ ልጆችን በቀጥታ ማነጋገሯን ግን አልተወችም፤ ለዚህም ነው ልጆች የወደዷት።

ካርቱኖቹ ብዙዎቹ ይህን ቦታ ዘግተውታል። ያየነው አንዱ ስለ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ የሚነገረውን የታወቀ የአገራችንን ተረት የሚያቀርብ ነበር። ድርቅ የመጣው በማን ኃጢአት እንደሆነ ለማወቅ አራቱ ተሰብስበው ይናዘዛሉ፤ ሦስቱ የገደሉትንና የበሉትን ሲናገሩ «ይህማ ምን ኃጢአት አለው» ተብሎ ይታለፋል፤ አህያ ግን ጌታዋ መንገድ ላይ ቆሞ ሲያወራ ጥቂት ሣር መጋጧን ብትናገር «መዓቱን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ» ተብላ ትበላለች። ይህ ተረት በቃል ሲነገር ኃይሉ ያለው ከአህያዋ ኑዛዜ በኋላ ባለው ዝምታ ነው። አድማጩ ምን እንደሚመጣ ያውቃል፤ እንዳይመጣም ይመኛል። በካርቱኑ ውስጥ ግን አህያዋ ገና ሳትጨርስ ሙዚቃው ይጮኻል፤ አንበሳው ይዘልላል፤ ቀጥሎ ሌላ ቪዲዮ ይከፈታል። ጅቡና አህያዋ አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው። ቤቶቹ ባለ ቀይ ጣሪያ የውጭ አገር ቤቶች ናቸው፤ እንስሳቱ የቆሙበት ሜዳም የእኛን አገር አይመስልም። ልጄ እስከ መጨረሻው ተመለከተችው፤ ምንም ግን አልጠየቀችም። ይኸው ተረት በመደብሩ ከአባባ ተስፋዬ መጽሐፍ ጎን በተቀመጠ የሌላ አዘጋጅ ስብስብ ውስጥ ይገኛል፤ ማታ ቀስ ብዬ ሳነብላት «ለምን ዋሸሁ አላለችም? ለምን አልሮጠችም?» እያለች አላስተኛችኝም።

ካርቱን ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። በገጠር ያለ፣ መጽሐፍ የማይደርሰው ልጅ በወላጁ ስልክ የአማርኛ ተረት ማየቱ ትልቅ ነገር ነው። ሠሪዎቹ ግን የእነዚህን ተረቶች ዋና ጥበብ ከፍጥነትና ከቀለም ይልቅ በዕረፍቱ ውስጥ ቢፈልጉት፣ ጎጆውንና ማሳውንም ከደንቢያ ወይም ከሰሜን ተራሮች ቢስሉት፣ ሥራቸው ዕድሜ ይኖረዋል።

ወደ መደብሩ ልመለስ። ሻጯ ወጣት ናት፤ ዕቃዋንም ታውቀዋለች። ለልጅ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ሲመጣ ዋጋ ከመናገሯ በፊት የልጁን ዕድሜ ትጠይቃለች። ልጄን «ነይ እስቲ የኔ እናት፣ ይችን መስመር አንብቢልኝ» ብላ ካስነበበቻት በኋላ ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ ይኼኛው ገና ይከብዳታል፤ እርስዎ ያንብቡላት» ብላ እውነቱን ነገረችኝ፤ ውዱን መጽሐፍም ወደ መደርደሪያው መለሰችው። ግድግዳውን ተደግፎ ያለ አጭር አግዳሚ ላይ ልጆች ተቀምጠው ቢያነብቡ አትቆጣም። ደካማ ጎኑ አቅርቦቱ ነው፦ መጻሕፍቱ ከአዲስ አበባ እስኪመጡ መጠበቅ ግድ ይላል፤ የጠየቅሁት ሁለተኛ ክፍልም እስካሁን አልመጣም። ስልክ ትቶ መሄድ ይሻላል፤ ሲመጣ ራሷ ትደውላለች።

ፍላሹን የጫነልኝን ሱቅ ግን ለማንም አልመክርም። የጥራቱ ነገር ብቻ አይደለም ምክንያቴ፤ የከፈልሁት ገንዘብ ወደ ተራኪው ቤተሰብም ሆነ ወደ ቀረጸው ድርጅት እንዳልሄደ ግልጽ በመሆኑ ነው። የተጣራ ድምፅ ያለው፣ እያንዳንዱ ተረት በስሙ የተለየ፣ ባለ መብቶቹ የፈቀዱት ቅጂ በዚያ የመስታወት መደርደሪያ ላይ ቢቀርብ፣ ከመጽሐፉ ሦስት እጥፍ ዋጋ ቢጠየቅበትም እገዛዋለሁ፤ ሻጯም ተመሳሳይ ጥያቄ ከብዙ ወላጆች እንደሚቀርብላት ነግራኛለች። እስከዚያው ድረስ መጽሐፉን ገዝቶ፣ ከሰላምታው በኋላ ለልጁ መልስ ፋታ እየሰጡ፣ ድምፅ እየለዋወጡ ማንበብን እመርጣለሁ።