«በእጥፍ ጠልቆ ያያል» የተባለ ዲቴክተር ከመግዛታችሁ በፊት

ተሸውጃለሁ። እናንተም እንዳትሸወዱ ነው የምጽፈው።

የገዛሁት ያገለገለ ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባል ዓይነት ሜታል ዲቴክተር፣ ማለትም መሬት ውስጥ ያለ ብረትና ወርቅ የሚፈልግ መሣሪያ ነው። ሻጩ «ታይሚንጉን ራሴ ሞዲፋይ አድርጌዋለሁ፤ ከፋብሪካ እንደወጣው አይደለም፣ በእጥፍ ጠልቆ ያያል» አለኝ። ኮይሉንም (ብረቱን የሚያስሰውን የሽቦ ጥቅልል) በትልቅ ቀይሮታል። ለማሳያ የድስት ክዳን መሬት ላይ አስቀመጠና ኮይሉን ከፍ አድርጎ አሳለፈው። ጮኸ። ይበልጥ ከፍ አደረገው። አሁንም ጮኸ። ዓይኔን ሳላሽ ከፈልኩ።

ቤት ገብቼ ስስ የወርቅ ቀለበት ወደ ኮይሉ አስጠጋሁ። ጭጭ። ልነካው ስደርስ እንኳ ድምፅ የለም። ስደውልለት «ወንድሜ፣ አካባቢህ የኤሌክትሪክ ሽቦ በዝቶበት ይሆናል» አለኝ። ሽቦ ቢበዛ ያለ ምክንያት ይጮህ ነበር እንጂ ዝም አይልም። ይሄን ሲለኝ ነው ነገሩ የገባኝ።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ይህ ዓይነቱ ዲቴክተር ኮይሉ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ከረንት ይለቅና ድንገት ይቆርጠዋል። በዚያ ቅጽበት በአቅራቢያው ያለ ብረት ውስጥ ትንሽ ከረንት ይፈጠርና እየከሰመ ይሄዳል። መሣሪያው የሚያደምጠው ይህንኑ ምልክት ነው። ግን ወዲያው ማድመጥ አይችልም፤ ኮይሉ ራሱ እስኪረጋ ጥቂት ማይክሮሰከንድ ይጠብቃል። ይህች የመጠበቂያ ጊዜ ዲሌይ ትባላለች። የድስት ክዳን ምልክቱ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ዘግይታችሁ ብትደርሱም ታገኙታላችሁ። የስስ ቀለበትና የደቃቅ ወርቅ ምልክት ግን ቶሎ ይጠፋል። ለማሳያ ክዳኑ የተመረጠው ለዚህ ነው።

ቦርዱን ከፈትኩት። የአይሲዎቹ (የቺፖቹ) ስም በስለት ተፍቋል። አንዱ 555 የሚባለው ጊዜ ቆጣሪ ቺፕ እንደሆነ ለማወቅ ግን ብዙ አልደከምኩም፣ ዲሌዩን የሚሰጠው እሱ ነው። በ555 ጊዜውን ለማግኘት 1.1ን በሬዚስተሩና በካፓሲተሩ መጠን ማባዛት ነው። ካፓሲተሩ 10 ናኖፋራድ ነው። የሰርኪቱ ስዕል ላይ ያለው ሬዚስተር 1.1 ኪሎ ኦም ስለሆነ 12 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይሰጣል። ሰውዬው እሱን ነቅሎ 3.6 ኪሎ ኦም በይዶበታል። 40 ማይክሮሰከንድ ገደማ ማለት ነው። የቀለበቱ ምልክት እስከዚያ ድረስ መች ይጠብቃል?

ለምን እንዲህ እንዳደረገ ያወቅኩት ኦስሲሎስኮፕ (ቮልቴጁን በስዕል የሚያሳይ መለኪያ) ሳስገባበት ነው። ኮይሉን ሲቀይር ከኮይሉ ጎን የሚታሰረውን ዳምፒንግ ሬዚስተር አልቀየረም። ለአዲሱ ኮይል ስለማይመጥን ከረንቱ ሲቆረጥ ቮልቴጁ ቶሎ መርጋት ሲገባው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ያን ውዝዋዜ አምፕሊፋየሩ ካየው መሣሪያው ያለማቋረጥ ይጮሃል። ዋናውን ችግር ከመፍታት ይልቅ ዲሌዩን አዘግይቶ ጩኸቱን አፈነው። ቁስሉን ሳያክሙ በፋሻ እንደመሸፈን ነው።

ሁለተኛው ለውጥ የፐልሱ ርዝመት፣ ማለትም ከረንቱ ከመቆረጡ በፊት ኮይሉ ውስጥ የሚለቀቅበት ጊዜ ነው። ከ100 ማይክሮሰከንድ ወደ 250 አስረዝሞታል። «በእጥፍ» ያለው ይህን መሆኑ ነው። ሒሳቡን ላሳያችሁ። ኮይሉ 300 ማይክሮሄንሪ ነው፤ የሽቦውና የሞስፌቱ (ከረንቱን የሚለቅና የሚቆርጠው ትራንዚስተር) ሬዚስታንስ ተደምሮ 3 ኦም ገደማ ይመጣል። በ100 ማይክሮሰከንድ ከረንቱ ከጣሪያው 63 በመቶ ላይ ይደርሳል፤ በ250 ደግሞ 92 በመቶ ላይ። ጭማሪው አንድ ተኩል እጥፍ እንኳ አይሞላም። ትንሽ ነገር ከኮይሉ ሲርቅ ደግሞ ምልክቱ የሚቀንሰው በርቀቱ ስድስተኛ ፓወር ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ 64 ጊዜ ይደክማል። ስለዚህ ይህ ሁሉ የሚጨምረው ጥልቀት 6 በመቶ ገደማ ነው። እውነት በእጥፍ እንዲያይ ምልክቱ 64 ጊዜ መጠንከር ነበረበት። ኮይሉ ከባትሪው የሚጠጣው ግን ከአራት እጥፍ በላይ ሆኗል። ባትሪው ቶሎ ቶሎ የሚያልቅብኝ ለካ በዚህ ነው።

ካፓሲተሩም ርካሽ ሴራሚክ ነው። ሲሞቅ የናኖፋራድ መጠኑ ስለሚቀየር ታይሚንጉም አብሮ ይንሸራተታል። እዚያ ቦታ የፊልም ካፓሲተር ወይም ኤን ፒ ኦ የሚባለው ሴራሚክ ነው መግባት ያለበት።

እንዲህ ያለ ዕቃ ልትገዙ ከሄዳችሁ ስስ ቀለበት ይዛችሁ ሂዱ፤ የሻጩን ማሳያ ዕቃ ወደ ጎን በሉት። «ዲሌዩ ስንት ማይክሮሰከንድ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሞዲፋይ ያደረገ ሰው ቁጥሩን ያውቃል፤ «እሱ ሚስጥር ነው» ካለ ተዉት። ቦርዱን እንዲከፍትላችሁ ጠይቁ፤ ስሙ የተፋቀ አይሲ ካያችሁ ነገ ሲበላሽ ማን ይጠግንላችኋል? ሩብ ሰዓት ያህል አብርታችሁም ቆዩ። ሲሞቅ ራሱን ችሎ መጮህ ከጀመረ ወይም ማስተካከያውን ደጋግማችሁ ማዞር ካለባችሁ ካፓሲተሩን ጠርጥሩ። ብቻ እየሠራ እያለ ሞስፌቱንና የኮይሉን ጫፍ እንዳትነኩ። ባትሪው 12 ቮልት ቢሆንም ከረንቱ ሲቆረጥ እዚያ ጋ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይነሳል። ኦስሲሎስኮፕ የምታስገቡም ተራውን ፕሮብ ሳይሆን ለከፍተኛ ቮልቴጅ የተሠራውን ተጠቀሙ።

የእኔን አስተካክዬዋለሁ። ዳምፒንጉን ተለዋዋጭ ሬዚስተር አድርጌ ውዝዋዜው እስኪጠፋ አዞርኩት፤ 680 ኦም ላይ ረጋ። ከዚያ ዲሌዩን ወደ 12፣ ፐልሱን ወደ 100 መለስኩ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ዲሌዩን ቀድማችሁ ብታሳጥሩ መሣሪያው ጩኸት ብቻ ይሆንባችኋል። አሁን ቀለበቱን ከአንድ ስንዝር በላይ ርቀት ላይ ይዞታል።

ገንዘቤን አልመለሰልኝም። ትናንት ሌላ ዲቴክተር ለሽያጭ አውጥቶ አየሁ። ፎቶው ላይ ያ የድስት ክዳን አለ።