ከሐዋሳ ለምትበሩ፦ «ዋሽንግተን 13 ሰዓት፣ ዳይሬክት» የሚለውን ትኬት ሳታዩ እንዳትከፍሉ

ሐዋሳ ያላችሁ፣ በተለይ ለእናት ለአባት ትኬት የምትቆርጡ፣ ብር ከማስተላለፋችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። አንዳንድ ትኬት ሻጮች ቴሌግራም ላይ የሚለጥፉት «አዲስ አበባ–ዋሽንግተን 13 ሰዓት፣ ዳይሬክት» ከትኬቱ ላይ የተወሰደ አይደለም፤ ርቀት ከሚያሰላ ድረ ገጽ የተቀዳ ነው። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ዳለስ ኤርፖርት በአጭሩ የአየር መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ለአውሮፕላን ፍጥነት፣ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር፣ ስታካፍሉት ወደ 13 ይጠጋል። ሒሳቡ ልክ ነው፣ ጉዞው ግን እንዲያ አይደለም።

ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላን ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ፣ ሙሉ ሰውና ጭነት ይዞ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ሲሄድ መሐል ላይ አርፎ ነዳጅ መቅዳት የተለመደ ነው፤ ነፋሱም በአብዛኛው ከፊት ይመጣል። ዳለስ ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ሲመለስ ሳያርፍ ይደርሳል። 13 ሰዓቱ ለመልሱ ነው የሚሠራው። «ዳይሬክት» ደግሞ የበረራ ቁጥሩ አይቀየርም ማለት እንጂ አያርፍም ማለት አይደለም። የማያርፈው «ነን ስቶፕ» ይባላል።

ሰዓቱን ራሳችሁ አስሉ። መነሻ 22:45፣ መድረሻ በማግስቱ 08:15 የሚል ትኬት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይመስላል። ሁለቱም ግን የየአገሩ ሰዓት ናቸው፤ ዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ናት። 7 ስትደምሩበት 16 ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ሰው የሚያስቀረው ግን 00:15 ነው። «ማክሰኞ 00:15» ማለት በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:15 ነው። ማክሰኞ ምሳውን በልቶ ከሐዋሳ የሚነሣ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው ግማሽ ቀን አልፎታል።

ዋጋው ከሌላው በጣም ከረከሰ፣ ለየብቻ የተቆረጡ፣ የማይተዋወቁ ሁለት ትኬቶች ተገጣጥመው እንደሆነ ጠይቁ። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቅም፣ ኪሳራው የእናንተ ነው። መሐል ላይ ሻንጣ ተረክቦ እንደገና ለማስመዝገብ የዚያ አገር መግቢያ ቪዛ ሊያስፈልግ ይችላል። በሼንገን አገሮች (በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ከኤርፖርት ባይወጣም የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል (የጸና የአሜሪካ ቪዛ ካለው ግን ነፃ ነው)። የሐዋሳ–ቦሌውም በረራ ለብቻው ከተቆረጠ ያው ነው፤ ሻንጣውም በአገር ውስጡ ልክ ይመዘናል፣ ትርፉን ትከፍላላችሁ። በአንድ ትኬት አስቆርጡት።

ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለውን ፒኤንአር (የቦታ ማስያዣ ኮድ) ከመክፈላችሁ በፊት ተቀበሉ። ከተጓዡ የመጨረሻ ስም (ላስት ኔም) ጋር በአየር መንገዱ በራሱ ድረ ገጽ ወይም አፕ አስገቡትና የት እንደሚያርፍ፣ ስንት ሰዓት እንደሚያስጠብቅ እዩ። ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል ይግጠም። ፒኤንአር ግን ወንበር ተያዘ ማለት ብቻ ነው፣ ጊዜው ሲያልፍ ይሰረዛል። ስትከፍሉ እዚያው ቁጭ ብላችሁ 13 አኃዝ ያለውን የትኬት ቁጥር ጠይቁ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። «ቁጥሩን ነገ እልክላችኋለሁ» ካላችሁ ትኬቱ ገና አልተቆረጠም፤ ብሩን ያዙት።